ከቀውስ በኋላ ኢኮኖሚውን ማን ያነሳዋል? የውጭ ባለሀብት ወይስ የአገር ውስጡ?

ማተሚያ ቤቱ (ሜክሲኮ)

ሰላም ቤተሰብ። ሜክሲኮ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። አንድ አሮጌ ሃይደልበርግ ማተሚያ ማሽን፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ፣ ጥቂት ሠራተኞች። ሰሞኑን አንድ ነገር ስለከነከነኝ እናንተ ምን ትላላችሁ ብዬ ነው።

ዜና በከፈትኩ ቁጥር የምሰማው ያው ነው። ከእንትን አገር የባለሀብቶች ልዑክ መጣ፣ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ይህን ያህል ዶላር ሊፈስ ነው። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ኮቪዱን፣ ጦርነቱን፣ ድርቁን፣ የዕዳ ጭንቀቱን ተራ በተራ አየነው። አገር ለማገገም ገንዘብ ያስፈልጋታል። እኔ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የማየው ግን ሌላ ነው።

ከሐምሌ 2016 በፊት ችግሬ ዶላር ነበር። አስመጪው ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወራት ይጠብቃል፣ እስከዚያ ወረቀት ከገበያ ይጠፋል። ፕሌት (ጽሑፉ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ሲያልቅብን ከጎረቤት ማተሚያ ቤት እንለምን ነበር። ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር አካባቢ ሲሆነው 100 ብርን አለፈ። ዛሬ ወረቀት አለ። ፕሌትም ቀለምም አለ። አሁን የጠፋው ብሩ ነው። ያው ወረቀት ነው፣ የሚጠይቀው ብር ግን ሌላ ሆኗል። የሥራ ማስኬጃ ብድር ብጠይቅ ባንኩ "የብድር ጣሪያችን ሞልቷል" አለኝ። ቢኖርም ቤት ወይም ሕንፃ አስይዝ ነው የሚለው። ማሽኔን ላስይዝ ብል "ማሽን አንይዝም" ተባልኩ።

ሌላም አለ። አንድ የውጭ ባለሀብት ያቋቋመው ፋብሪካ ናሙና ይዤ ሄድኩ። የግዢ ኃላፊው በትህትና ተቀበለኝ። ሌብሉን በአውራ ጣቱ ፈተገው፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ አየ። ማሸጊያውን መስኮት ጋ ወስዶ በብርሃን አገላበጠው። "ጥራቱ ጥሩ ነው" አለኝ። ግን የእነሱ ማሸጊያ ታትሞ የሚመጣው በኮንቴይነር ከውጭ ነው። አቅራቢውን የሚመርጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው አለኝ።

እና የሚመጣው ኢንቨስትመንት እኔ ጋ ካልደረሰ፣ የአገር ውስጡም ብድር ካላገኘ፣ ማገገሙ በማን በኩል ነው የሚመጣው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

አዲስ ገቢ

ወንድሜ ስሜትህ ይገባኛል። ግን የውጭውን ገንዘብ አናቃልለው። በታኅሣሥ 2016 መንግሥት የአንድ ቢሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንዱን (ከውጭ ገበያ በዶላር የተበደረበትን ሰነድ) የወለድ ክፍያ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ አልከፈለም። ለአገር ይህ ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፣ ግን አልተከፈለም። እዚያ ደረጃ የደረሰ ኢኮኖሚ በብር ብቻ አይነሳም። አንተም እኔም የፈለግነውን ያህል ብር ብንቆጥብ ማሽን የሚገዛው በዶላር ነው። ነዳጅም፣ ማዳበሪያም፣ መድኃኒትም እንደዚያው።

ሳፋሪኮምን ተመልከት። ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ። በ2015 መስከረም መጨረሻ ላይ አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ሁላችንም ስልካችን ላይ አይተናል። ብድር ቢሆን ኖሮ ከነወለዱ እንመልሰው ነበር። ኢንቨስተር ግን ከከሰረ የሚከስረው እሱ ነው። ለዕዳ ለተጨነቀ አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሠንጋ ተራ

ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለ ጣሪያው ላስረዳህ።

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 እያንዳንዱ ባንክ ብድሩን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድግ ወሰነ። በኋላ 18 ሆነ፣ ቀጥሎ ወደ 24 ከፍ አለ። ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው። በ2014 ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብድር ሲበዛ ገንዘብ ይበዛል፣ ዋጋ ይንራል። ስለዚህ ልጓም ያስፈልግ ነበር፣ ይህን አልቃወምም።

ችግሩ ልጓሙ ማንን ያዘ የሚለው ነው። በ14 በመቶ ጣሪያ ላይ ዋጋው በ30 በመቶ ከናረ፣ የምንሰጠው ብድር በዕቃ ሲለካ እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ብድር ሲያንስ ደግሞ ባንክ የሚያውቀውን ደንበኛ ያስቀድማል። ላኪው ዶላር ስለሚያመጣ ይቀድማል። ሕንፃ ያለው ይቀድማል። አንተን የመሰለ በሥራው የታወቀ፣ ማሽን ብቻ ያለው ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የሚሆን የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ያ ገንዘብ ለግሉ ዘርፍ ሊሄድ የሚችል ነበር።

ማተሚያ ቤቱ (ሜክሲኮ)

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። እስካሁን ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። ቅርንጫፉ "አይቻልም" ብቻ ነው ያለኝ።

የአሜሪካን ግቢ ልጅ

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ነኝ። መርካቶ ነው የኖርኩት። ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ደርግ በ1968 ባወጣው አዋጅ አንድ የግል ኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው ከልክሎ ነበር። ለጅምላ ንግድ 300 ሺህ፣ ለችርቻሮ 200 ሺህ። አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ገንዘቡን እንደ ጥፋት ደብቆ ኖረ። በ1985 ብር ከ2.07 ወደ 5 ብር ለአንድ ዶላር ሲወርድ "አለቀልን" ያላለ ነጋዴ አልነበረም። አላለቀልንም። መጀመሪያ የመጣው ግን የውጭ ባለሀብት አልነበረም። ፍራሽ ሥር፣ ዕቁብ ውስጥ፣ ዘመድ ቤት የተደበቀው ብር ነው መጀመሪያ የወጣው። ሱቅ ተከፈተ፣ አይሱዙ ተገዛ፣ ወፍጮ ተተከለ።

በ1987 አዋሽ ባንክ ሲመሠረት 486 ሰዎች ናቸው 24.2 ሚሊዮን ብር ያዋጡት። ያኔ ለግል ባንክ አክሲዮን መክፈል ድፍረት ነበር። ደርግ ባንኮቹን ሲወርስ ያየ ሰው ነው እንደገና አምኖ ብሩን ያወጣው። የውጭዎቹ ብዙዎቹ የመጡት ዘግይተው ነው። እንግዳ ቤት ውስጥ ጭስ ሳያይ አያንኳኳም።

አዲስ ገቢ

ጋሼ፣ የሚሉት እውነት ነው፣ ግን ያ ዘመን ሌላ ነው። ያኔ ከዜሮ ነበር የተጀመረው፣ ሱቅና ወፍጮም ለውጥ ያመጣ ነበር። ዛሬ የሚያስፈልገን የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ፣ ዳታ ሴንተር ነው። በዕቁብ አይሠራም።

የአሜሪካን ግቢ ልጅ

በዕቁብ አይሠራም፣ ልክ ነህ ልጄ። ግን ዓባይ ላይ ያለው ግድብ በማን ተሠራ? መጋቢት 2003 መሠረቱ ሲጣል የውጭ አበዳሪ ፊቱን አዞረ። ቦንድ ተገዛ፣ ከደመወዝ ተቆረጠ፣ የመንግሥት ባንክ አበደረ። ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ትልቅ ነገር በእኛ ብር አይሆንም እንዳትለኝ።

ቁጥር ወዳድ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ግድቡም የራሱ ዋጋ ነበረው። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች ካበደሩት ላይ 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። በዚያ ዘመን የአገር ውስጥ ቁጠባ ወደ መንግሥት ፕሮጀክት አዘነበለ፣ የማተሚያ ቤቱ ወንድማችን ዓይነት ሰው ተረሳ። ስለዚህ "የአገር ውስጥ ኢንቨስትመንት" ስንል የመንግሥት ነው ወይስ የግል ብለን እንለየው። በቀውስ ጊዜ ሁለቱ የሚሻሙት ያንኑ ብር ነው።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላንሳ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ዶላር አልቆባት አይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) በር ላይ ቆመች። ከአይኤምኤፍና ከሌሎች የተዘጋጀላት ማዕቀፍ 58 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያዋረዳት የአጭር ጊዜ የውጭ ብድር ነው፣ አበዳሪው ሲፈራ በሳምንታት ውስጥ ጥሎ ወጣ። ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር እያወጣ ወደ 227 ቶን ወርቅ ሰበሰበ። ያ ወርቅ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው ያስገኘው፣ ከዕዳው አንጻር ትንሽ ነው። ኮሪያውያን በዚያ ብቻ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1998 የውጭ ኢንቨስትመንት ሕጋቸውን ከፍተው ባለሀብት ጋበዙ። ሬኖ የሳምሰንግን የመኪና ፋብሪካ ገዛ። የአይኤምኤፉን ብድር በ2001፣ ከቀጠሮው 3 ዓመት ቀድመው ከፈሉ።

እዚያ የውጭው ገንዘብ የሠራው ምክንያት ስላለው ነው። ሬኖ ሲመጣ ብሎኑን፣ ጎማውን፣ መስታወቱን፣ ሽቦውን የሚሠራ ኮሪያዊ አቅራቢ ቀድሞ ነበር። እንግዳው የሚገዛው ከጎረቤቱ ነው።

ልደታ

እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ስፌት ላይ ነበርኩ። አሁን ልደታ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ከቁጥር ወዳድ ሐሳብ ጋር የሚገናኝ ነገር አለኝ።

ስንሠራ ጨርቁ ከውጭ፣ ክሩ ከውጭ፣ ቁልፉ ከውጭ፣ ዚፑ ከውጭ፣ ሸሚዙ የሚታሸግበት ካርቶንና ላስቲክ ሳይቀር ከውጭ። የእኛ የሆነው እጃችን ነበር። መነሻ ደመወዛችን በወር 26 ዶላር አካባቢ እንደነበር ያኔ በውጭ አገር ጥናት ሳይቀር ተጽፏል። በኅዳር 2014 ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ወጣ። በታኅሣሥ አጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ አሜሪካ የመሸጥ ዕድሉ፣ ታገደ። ሌሎችም እየቀነሱ ሄዱ። የሚያሳዝነው ሲሄዱ ከተማው ውስጥ የተጎዳ አቅራቢ ብዙ አልነበረም፣ ስላልነበረ። የተጎዳነው እኛ ሴቶቹና ቤት ያከራዩን ሰዎች ነን።

ግን ምንም አልቀረም አልልም። ሙያው ቀርቷል። ኮሌታ በሰዓት ስንት እንደሚወጣ፣ አንድ ስፌት ሲዛነፍ መስመሩ በሙሉ እንዴት እንደሚቆም፣ ጥራት የሚታየው መጨረሻ ላይ ሳይሆን በየመቀመጫው መሆኑን እዚያ ነው የተማርኩት። ዛሬ ያለንበት ቤት ባለቤቷ እንደ እኔው ፓርክ ውስጥ የሠራች ልጅ ናት። ማሽን የምትጨምርበት ብድር ብታገኝ ከዚያ የወጡትን ሌሎች ልጆች ትቀጥራለች። የውጭ ባለሀብት ያሠለጠነውን ሰው የአገር ውስጥ ባለሀብት ካልተረከበው ሥልጠናው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ማተሚያ ቤቱ (ሜክሲኮ)

ልደታ፣ ካርቶኑ ሳይቀር ያልሽው እኔን ነክቶኛል። እሱን ሥራ እኔና ጓደኞቼ መሥራት እንችል ነበር።

ቁጥር ወዳድ

ደግሞ የተሳካውን እናንሳ፣ አለ። ቢራ።

ቢጂአይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከገዛ ቆይቷል። ሃይኒከን በ2003 ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ቀጥሎ ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ገነባ። መጀመሪያ ላይ ብቅሉ በብዛት ከውጭ ነበር የሚገባው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ብቻውን አይችለውም ነበር። ዶላር ሲጠፋ የቢራ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተጨነቁ። ስለዚህ ወደ አርሲና ባሌ ገበሬ ዞሩ፣ የቢራ ገብስ ዘር አቀረቡ፣ ውል ገቡ። ከዚያ የፈረንሳዩ ሱፍሌ ቦሌ ለሚ ላይ፣ ቦርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ ብቅል ፋብሪካ ተከሉ።

እዚህ ጋ የውጭው ባለሀብት ሌላ የውጭ ባለሀብት ጎተተ፣ ሁለቱም ገበሬውን ጎተቱ። አንዱ ቢራ ፋብሪካ ነገ ቢሸጥ እንኳ ገብሱን የሚዘራው ገበሬ፣ ብቅሉን የሚያበቅለው ፋብሪካ፣ የሚያጓጉዘው መኪና እዚሁ ይቀራል። ሜታ ከዲያጆ ወደ ካስቴል ሲዛወር አየነው አይደል? ባለቤቱ ተቀየረ፣ ሰበታ ላይ ያለው ፋብሪካ ቦታው ላይ ነው።

ካዛንቺስ

ፋብሪካውን ተዉትና ወደ ንግዱ እንምጣ። በ2016 የወጣው መመሪያ አስመጪነትን፣ ጅምላና ችርቻሮን ለውጭ ዜጎች ከፍቷል። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ካፒታሌ ውስን ነው። ዱባይ መጋዘን ያለው ሰው ጎኔ ቢከፍት በምን እወዳደራለሁ? ይህ ኢንቨስትመንት ነው ወይስ የእኛን እንጀራ መውሰድ?

አዲስ ገቢ

መመሪያው ዝም ብሎ አልከፈተውም ወንድም። የራሱ መስፈርት አለው። ደግሞ ሸማቹንም እናስብ። ዘይትና ስኳር አንድ ሰው እጅ ሲገባ ዋጋው ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ካዛንቺስ

ሸማቹም እኔም አንድ ሰፈር ነን። እኔ ከከሰርኩ ሸማች መሆኔም ይቀራል። ውድድሩን አልፈራም። እኔ በምን ወለድ ተበድሬ ነው የምወዳደረው ነው ጥያቄዬ። እሱ በውጭ አገር ወለድ ተበድሮ ይመጣል፣ እኔ ጭራሽ አላገኝም።

ሠንጋ ተራ

የካዛንቺስ ጥያቄ ዋናው ነው። በታኅሣሥ 2017 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 የውጭ ባንኮችን ፈቅዷል። አገር ውስጥ ባለ ባንክ ውስጥ የውጭዎች ድርሻ በጠቅላላ ከ49 በመቶ አይበልጥም። እኛ ቤት ውስጥ አንዳንዱ ፈርቷል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። የሚመጡት ባንኮች የሚያበድሩት ከአገራቸው ለሚመጣው ድርጅትና ለትልቁ ላኪ ብቻ ከሆነ፣ ጥሩዎቹን ደንበኞች ወስደው ለእኛ ሕንፃ የሌለውን ደንበኛ ይተዉልናል። እኛም ለእሱ ማበደር ካልተማርን ሁለታችንም ወደቅን።

የፒያሳ ልጅ

የአገር ውስጡ ብር ግን አለ እኮ። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር። የገዙት 47,377 ሰዎች። "ሕዝቡ ገንዘብ የለውም" ተባለ። ከዚያው ሰፈር ወጥተህ የአንድ አፓርታማ ዋጋ ጠይቅ። ገንዘቡ እዚያ ነው ያለው። ባንክ 7 በመቶ እየከፈለህ ዋጋ በ30 በመቶ በናረባቸው ዓመታት ብርህን ኮንክሪት ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ሌላ ምን ታደርጋለህ?

ጥር 2017 አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ። በጣም ደስ ብሎኛል። አክሲዮን የገዛ ሰው ሲቸግረው ቶሎ መሸጥ ከቻለ፣ ቤት ከመግዛት ይልቅ ፋብሪካ ላይ ማዋልን ያስባል። እስካሁን አክሲዮን ገዝቶ መሸጥ ማለት ገዢ ፍለጋ ዘመድ ማስቸገር ነበር።

አዲስ ገቢ

በዚህ እስማማለሁ። የዋጋ ንረቱ መውረድ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ልጓሙ መጨረሻው እዚህ እንዲያደርሰን ነው።

ማተሚያ ቤቱ (ሜክሲኮ)

ሁሉንም አነበብኩ፣ ደጋግሜ። አሁን አቋሜን ልናገር።

አዲስ ገቢ፣ ዶላሩ እንደሚያስፈልግ ከአንተ ጋር ነኝ። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን፣ ዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ባይፈቅዱ ኖሮ ዛሬም ፕሌት እየለመንኩ ነበር። ግን የውጭ ባለሀብት ሲመጣ በስንት ዶላር መጣ ብቻ ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ከማን ይገዛል ተብሎ ይጠየቅ። ለፋብሪካ የግብር እፎይታ ሲሰጥ፣ ማሸጊያውን፣ ዩኒፎርሙን፣ ጥገናውን እዚህ ለሚገዛ የተሻለ እፎይታ ይሰጠው። ማስገደድ አያስፈልግም፣ ማበረታቻው ይለይ። እኛም በጥራትና በቀጠሮ እንፈተን። ናሙናዬን ያየው ሰው ጥራቱን አልነቀፈም፣ ስለዚህ ፈተናውን አልፈራውም።

የብድር ጣሪያው ሲላላ ደግሞ የላላው ለማን እንደሆነ ይታይ። ለሕንፃ ብቻ ከሆነ ማሽን ቆሞ ሕንፃ ይበዛል።

ሠንጋ ተራ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ። ማሽን ማስያዝ በሕግ ጭራሽ አይቻልም ማለት ነው?

ሠንጋ ተራ

ይቻላል እንጂ! የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። ማሽን፣ ዕቃ፣ ገና ያልተሰበሰበ ሂሳብህ ሳይቀር መያዣ መሆን ይችላል፣ መዝገቡም ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ነው። ቅርንጫፎች የሚሸሹት ማሽን መገመት ስላልለመዱና ተበዳሪው ቢከስር የት እሸጠዋለሁ ብለው ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ላይ አትቁም፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የአነስተኛና መካከለኛ ብድር ክፍሉን ጠይቅ። የማሽኑን ዲክላራሲዮን (ከውጭ የገባበትን የጉምሩክ ሰነድ) እና የግዢ ደረሰኝ፣ የቫት ሪፖርትህን፣ ከደንበኞችህ ጋር ያለህን ውል ይዘህ ሂድ። የማሽኑ ዲክላራሲዮን በስምህ ነው?

ማተሚያ ቤቱ (ሜክሲኮ)

የመቁረጫው በስሜ ነው። ሃይደልበርጉን ከሌላ ማተሚያ ቤት ነው የገዛሁት፣ ውልና ማስረጃ የጸደቀ የሽያጭ ውል አለኝ።

ሠንጋ ተራ

ይበቃል። ውሉ ላይ የማሽኑ መለያ ቁጥር መጻፉን አረጋግጥ፣ የትኛው ማሽን እንደተያዘ በግልጽ እንዲታወቅ። ከሌለ ሻጩን ይዘህ ማስተካከያ አስጽፍ።

ልደታ

ሠንጋ ተራ፣ ለስፌት ማሽንም ይሠራል? የእኛዋ ባለቤት አጠገቤ ናት፣ እያነበበች ነው።

ሠንጋ ተራ

ይሠራል እህቴ። ማሽኖቹን በአንድ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ዝርዝሩን ከነመለያ ቁጥሩ ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ምን እንደሚጎድል እነግራችኋለሁ።